ይታይሽ ለማንም ብላ አልሞተችም

የይታይሽ ባለቤት ጌታሁን ደውሎ መጀመሪያ ያለኝ «ልጅቷ ደህና ናት» ነው። እኔ ስለ ልጅቷ አልጠየቅሁትም፤ ገና «ሃሎ» ማለቴ ነበር። ከጀርባው የሴቶች ልቅሶ ይሰማል። ከዚያ መልሶ «ተኝታለች፤ ደህና ናት» አለኝ። ይታይሽ ማረፏን የሰማሁት እንዲህ ነው። ስሟ እንኳ አልተነሣም።

ያን ዕለት ልብ አላልኩትም። ሰው ሲደነግጥ አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሳስበው ግን፣ እዚህ አማኑኤል ከተማ ውስጥ ስለ ይታይሽ የሚወራው ሁሉ እንደዚያ የስልክ ወሬ ነው። ሰው ስለ እሷ ሊያወራ ይጀምርና ስለ ልጇ አውርቶ ይጨርሳል። እኔ ስለ ራሷ ስለ ይታይሽ ማውራት እፈልጋለሁ።

አንድ ትምህርት ቤት ነበር የምናስተምረው፤ እሷ ሒሳብ፣ እኔ ፊዚክስ። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ በሥራው ግን ብዙ ትቀድመኛለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ የቸኮለች የምትመስል ሴት ነበረች። ስትስቅ አፏን ገጥማ በአፍንጫዋ ነው የምትስቀው፤ የማያውቃት ሰው የተናደደች ይመስለዋል። አባቷ ዲማ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። እሷ ግን ነገር አዙሮ መናገር አይሆንላትም ነበር። «እኛ ቤት ሰው አንድ ነገር ተናግሮ ሌላ ነገር ያስባል፤ ሒሳብ ያጠናሁት ከዚያ ልሸሽ ብዬ ነው» ትለን ነበር።

ተማሪዎቹ «ደረጃ አትዝለሉ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። መልሱን ትክክል ቢያገኝም፣ እንዴት እንደደረሰበት በየደረጃው ያላሳየ ተማሪ ከእሷ ማርክ አያገኝም። ይህን አመሏን ከክፍል ውጭም ይዛው ትወጣለች። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት አንድ ባልደረባችን ሴት ተማሪዎች በሒሳብ የሚደክሙት ተፈጥሯቸው ስለሆነ ነው ብሎ ደመደመ። ብርጭቆዋን አስቀምጣ «ደረጃ ዘለሃል፤ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ» አለችው። ከዚያ፣ ጠዋት ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወደ ጓዳ የሚገባውና ወደ ደብተሩ የሚሄደው ማን ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችው። ሰውየውን ያተረፈው ደወሉ ነው።

ጌታሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራል። ደግና ዝምተኛ ሰው ነው። ተጋብተው ብዙ ዓመት ልጅ አልወለዱም። የጌታሁን እናት ወይዘሮ ዝማም ከደብረ ኤልያስ እየመጡ ይጠይቋቸዋል። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የጎረቤት ሕፃን ሲያገኙ ግን ያነሡና አምጥተው ይታይሽ ጭን ላይ ያስቀምጡታል፤ «እስኪ ለመድ አድርጊው» ይሏታል። እሷም ሕፃኑን ትንሽ አቅፋ አጫውታ ለእናቱ ትመልሳለች። ይህን ስታደርግ ፊቷን ማየት አልወድም ነበር።

ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ያገኘችው ገላዋን ስትታጠብ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ከወር አበባ ጋር የሚመጣ ነገር ነው፣ ራሱ ይጠፋል ብለው ማስታገሻ ሰጧት። አመነች። እብጠቱ ሳይጠፋ ከረመ፣ ከዚያ አደገ፣ ከዚያ ቆዳዋን ወደ ውስጥ መሳብ ጀመረ። አዲስ አበባ ስትደርስ ካንሰር ነው ብለው ግራ ጡቷን አወጡት፤ በግሉኮስ የሚሰጠውንም መድኃኒት ጀመሩላት። ፀጉሯ ረግፎ፣ ቅንድቧ ጠፍቶ፣ ሻሽ አስራ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ሴት መምህራን ተሰባስበን ስፖንጅ በነጭ ጨርቅ ሰፍተን፣ ልብሷ ውስጥ በባዶው በኩል እንድታደርገው ሰጠናት። አመስግና ተቀበለችን። ጥቂት ጊዜም አደረገችው። አንድ ቀን አሥረኛ ክፍል ስታስተምር ዳስተር ታጣ። ወደ ሰሌዳው ዞረች፣ በአንገቷ በኩል እጇን ልብሷ ውስጥ ከተተችና ስፖንጁን አውጥታ ሰሌዳውን ጠረገችበት። አራግፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ትምህርቷን ካቆመችበት ቀጠለች። የሳቀ ተማሪ የለም። ለርዕሰ መምህሩም የነገረ የለም። ለእኔ የነገረችኝ ራሷ ናት። ምን ሆነሽ ነው ብላት «ለጡትነት አልሆነኝም፤ ለዳስተርነት ግን ጥሩ ነው» አለችኝ፤ በአፍንጫዋም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በግራ በኩል ጠፍጣፋ ሆና ኖረች፤ ነጠላም አትደርብበትም።

ቀጥሎ ወገቧን ማመም ጀመራት። በሽታው አከርካሪዋ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ አላባበለቻትም። ከእንግዲህ እንደማይድን፣ ነገር ግን በኪኒን ይዞ ማቆየት እንደሚቻል፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ግን እንደማታውቅ ነገረቻት። ይታይሽ ከዚያ ስትመለስ ለእኔም ለጌታሁንም በእነዚያው ቃላት ነገረችን። ለወይዘሮ ዝማም ደግሞ ጌታሁን አለሳልሶ ነገራቸው። እሳቸው የሰሙት «ተሽሏታል» የሚል ነው።

ኪኒኑን ስትውጥ ኖረች፤ ሕመሙም ጋብ አለላት። ከመጀመሪያው ሕክምና ወዲህ የወር አበባዋ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ማቅለሽለሽ ሲጀምራት፣ ሽታ ሲያስጠላት፣ ሁሉንም ለመድኃኒቱ ሰጠነው። አዲስ አበባ አብሬያት በሄድኩበት ቀጠሮ ሐኪሟ በሽታው ወደ ጉበቷ ሄዶ እንደሆነ ለማየት አልትራሳውንድ አነሣቻት። ነጠላዋን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ስታንሸራትት ቆየችና አንድ ቦታ ላይ አቆመች።

«ጉበቴ ገብቷል?» አለቻት ይታይሽ።

«ጉበትሽ ደህና ነው» አለች ሐኪሟ። «ግን ነፍሰ ጡር ነሽ።»

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አስረዳቻት። ኪኒኑ ጽንሱን ስለሚጎዳ የግድ ይቆማል። እርግዝናውን ላቋርጥ ካለች ሕጉም ይፈቅድላታል፣ ሕክምናዋም እንደነበረው ይቀጥላል። ልውለድ ካለች ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ሊሰጥ የሚችል መድኃኒት አለ፤ ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። የተናገረችውን ከዚህ በታች የምጽፈው ደጋግሜ ስላሰብኩት ነው። «እርግዝናው በሽታሽን አላመጣውም። ብታቋርጪውም በሽታሽ አይድንም። ዋናው ነገር ሕክምናው አለመቋረጡ ነው።»

ወሬው አማኑኤል ሲደርስ ቤቷ የሰርግ ቤት መሰለ። ወይዘሮ ዝማም ከደብረ ኤልያስ ቅቤ ተሸክመው መጥተው በሩ ላይ እልል አሉ። ለዓመታት የሰው ልጅ ጭኗ ላይ ሲያስቀምጡ የኖሩት ሴት ጎንበስ ብለው እግሯን ሳሙ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሊላት ገባ። ሰዉ ሲወጣ ይታይሽ ወደ እኔ ዞር ብላ «ሆዴ ውስጥ አንዱ፣ አጥንቴ ውስጥ አንዱ፣ ሁለት ነገር ነው የሚያድግብኝ። እንኳን ደስ አለሽ የሚሉኝ ግን በአንዱ ነው፤ ሌላውን የሚጠይቅ ጠፋ» አለችኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ለመምከር ቤቷ ተሰበሰብን። ወይዘሮ ዝማም መድኃኒት የተባለ እንዳይገባባት፣ መርዝ ስለሆነ ሕፃኑን እንደሚጨርሰው፣ ጠበሉ እንደሚበቃት ተናገሩ። የንስሐ አባቷ ማቋረጥ የሚባለውን ጨርሶ እንዳታስበው መክረው፣ የቀረውን ለፈጣሪ እንድትተው አሉ። ጌታሁን ምንጣፉን ያያል። ይታይሽ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚወራ ሆና ተቀምጣለች። አባቷ መሪጌታ ከዲማ መጥተው በር አጠገብ ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሏት።

ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ያን ቀን አለቀሰች። «መኖር እፈልጋለሁ፣ አባዬ» አለች። «ልጄንም እፈልጋለሁ። ሁለቱንም ነው የምፈልገው። አንዱን ለአንዱ ስጪ አትበሉኝ።»

መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው «እንግዲያው መድኃኒትሽን ውሰጂ» አሉና ወጡ።

መድኃኒቱ በአቅራቢያችን ስለማይሰጥ አዲስ አበባ መመላለስ ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ነገሩ መልካም ነበር። ስትመለስ ትተኛለች፣ ታስመልሳለች፣ ከዚያ ትነሣና ታስተምራለች። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ፣ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ የጠመኔው ዱቄት ልብሷን በሆዷ በኩል ነጭ ያደርገዋል። የወገቧ ሕመም ቀለላት። ጽንሱም እያደገ ነው ተባለች። በዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አይቻታለሁ፤ ይህንንም የሚያነሣ ሰው የለም።

ወይዘሮ ዝማም ግን አልተዉአትም። በየሳምንቱ እየመጡ ያለቅሳሉ። አንዱን ቀጠሮ ብቻ ትተሽ ጠበል ግቢልኝ አሏት። ጠበሉን ጠልታ አልነበረም፤ ከመድኃኒቷ ጋር እያጣመረች ትጠመቅ ነበር። ግን ደክማለች። ማስመለሱ አንጀቷን ጨርሶታል፣ የሴትየዋ ልቅሶ ደግሞ ከማስመለሱ ባሰባት። ለአንድ ጊዜ ብላ እሺ አለቻቸውና ቀጠሮውን አሳልፋ ጠበል ገባች። ከጠበሉ ስትወጣ ኮሮና አገር ውስጥ ገብቶ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከክልል ክልል የሚሄድ መኪና ቆመ።

ጌታሁን የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለምኖ፣ የሐኪም ማስረጃ ይዘን እኔም ተከትዬ ተነሣን። ደጀን ላይ ኬላ ነበር። መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ማስክ ያደረጉ ሰዎች ቆመዋል። የያዝነው ማስረጃ በቂ አይደለም፣ ከዞን ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልን። ጌታሁን ብዙ ለመናቸው። በመጨረሻ ይታይሽ ራሷ ወረደች፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ኃላፊው ፊት ቆመች።

ሰውየው ሆዷን አይቶ አዘነ። «እኅቴ፣ አዲስ አበባ በሽታው ብሶበታል። ለልጅሽ ስትይ ቤትሽ ተቀመጪ» አላት።

«እኔ የምሄደው ለልጄ ብዬ አይደለም» አለችው። «ልጄ ደህና ነው። ለራሴ ነው የምሄደው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር አመጣላት፣ የታሸገ ውኃ ሰጣት። ግን አላሳለፈንም። ስንመለስ ደብረ ማርቆስ ከገባን በኋላ መስኮቱን እያየች «ለልጄ የማያስብልኝ ሰው ጠፋ» አለች።

ፈቃዱ ተገኝቶ እስክትሄድ ሁለት ቀጠሮዎች አለፉ። ሕመሙ ሲመለስ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። በስምንተኛው ወር ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ወለደች፤ ሴት ልጅ፣ ትንሽዬ፣ ድምፅዋ ቀጭን። ነርሶቹ ሙቀት እንድታገኝ ደረትሽ ላይ ራቁቷን አስተኚያት አሏት። ይታይሽ በግራ በኩል፣ በጠባሳዋ ላይ አስተኛቻት። «እዚህ ጋ ሜዳ ነው፤ ይመቻታል» አለች።

ወይዘሮ ዝማም እዚያው ክፍል ውስጥ ሕፃኗን አቅፈው «ስሟ ምትኬ ነው» አሉ።

ይታይሽ ከትራሷ ቀና ብላ «ገና አለሁ እኮ፣ እማማ። ምኔን ነው የምትተካው?» አለቻቸው። እሳቸው ደንግጠው አማተቡ። ስሟን ድርሻዬ ብላ ያወጣችላት ይታይሽ ናት። ከዚህ ዓለም የደረሰኝ ድርሻዬ ናት፣ ቢያንስም የእኔ ነው ማለቷ እንደሆነ ነግራኛለች።

መንገድ ሲከፈት እንደገና አዲስ አበባ ሄደች። በሽታው ጉበቷ ገብቶ ተገኘ። ሌላ መድኃኒት ጀመሩላት፤ እሱንም ሳታጓድል ወሰደች። እጇ ላይ መርፌ የሚገባበት ሥር ታጥቶ እግሯ ላይ ሲፈልጉ አይቻለሁ። አንድ ቀን «ይብቃኝ» ስትል አልሰማኋትም። ዓይኗ ቢጫ ሆኖ እንኳ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ትጠይቅ ነበር።

ከማረፏ በፊት በነበረው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ገባሁ። ልጅቷ በዚያው በግራዋ በኩል ተኝታለች። ይታይሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«አስካለ፣ ስሞት ለልጇ ስትል ሞተች ይላሉ። አውቃቸዋለሁ። እኔ ለልጄ ስል አልሞትኩም። ያን ሁሉ መርፌ የተወጋሁት መኖር ፈልጌ ነው። እንደዚያ ካሏት ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ ገዳይ ሆና ትኖራለች። እንደዚያ እንዲሏት አትፍቀጂ።»

እሺ አልኳት።

ልጅቷ መቀመጥ ስትጀምር ይታይሽ አረፈች። በአርባዋ ድንኳን ተተክሎ ሰዉ በላ፣ ጠጣ። ከዚያ አንድ ሰባኪ ተነሡና ስለ እናት ፍቅር ተናገሩ። ሐኪሞች ልጅሽን ወይም ነፍስሽን ምረጪ ቢሏት ልጇን እንደመረጠች፣ መድኃኒትን ንቃ ነፍሷን ስለ ልጇ አሳልፋ እንደሰጠች አሳምረው ተናገሩ። ሴቶቹ አለቀሱ። ወንዶቹም ዓይናቸውን ጠረጉ። ልጅቷ ወይዘሮ ዝማም ጭን ላይ ዳቦ ትልሳለች።

ተነሣሁ። ሴት በዚያ ቦታ ተነሥታ አትናገርም፤ ተነሣሁ። ክሊኒኩን ተናገርኩ፣ የታለፈውን ቀጠሮ ተናገርኩ፣ ደጀን ላይ የተወጠረውን ገመድ ተናገርኩ፣ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው እንደወሰደች ተናገርኩ። ልጅቷ በዚህ ሁሉ ውስጥ የለችበትም አልኩ። ወይዘሮ ዝማም ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዝ አድርገው «መምህርት፣ ሐዘን ላይ ነን፤ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ፤ ያልኩትን የሰማኝ የለም። በማግስቱ ስለ እኔ የተወራው «ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት» ተብሎ ነው።

ስንወጣ መሪጌታ በር ላይ ቆመው ነበር። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝና «ተርጉመዋት ጨረሱ፣ ልጄ» አሉኝ። ዲማ ከተመለሱ ወዲህ አላየኋቸውም።

ጌታሁን ከጊዜ በኋላ አገባ። ሚስቱ ደግ ሴት ናት፤ ልጅቷን እንደ ራሷ ልጅ ነው የምታሳድገው። ወይዘሮ ዝማም ግን ምትኬ እያሉ ጠርተው ጠርተው፣ ትምህርት ቤት ስትገባም በዚያው ስም ተመዘገበች። ያን ጊዜ ወደ ጌታሁን ቢሮ ሄጄ ይታይሽ ያለችኝን ነገርኩት። ለልጅቷ እውነቱን እንዲነግራት ለመንኩት።

አዳመጠኝ። «ምን ብዬ ልንገራት?» አለኝ። «እናቴ ናት ቀጠሮውን ያስተወቻት ልበላት? እኔ ዝም ብዬ አየሁ ልበላት? መንገዱን ማስከፈት አቃተኝ ልበላት? የሚወራው ይሻላል። ሰው ሲሰማው ይታይሽን ያከብራታል።»

«ለልጅቷስ ይሻላል?»

«ለእኛ ነው የሚሻለው» አለኝ፤ ሰው ገባና ወሬያችን ተቋረጠ።

በቀደም ልጅቷን በትምህርት ቤታችን በር ስታልፍ አገኘኋት። አንደኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ ከአሁኑ የእናቷ ነው። የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበርና እሱን ልታሳየኝ መጣች። ስለ ጥርሷ ካወራን በኋላ እጄን እንደያዘች «መምህር፣ እርስዎ የእማዬ ጓደኛ ነበሩ አይደል?» አለችኝ። ነበርኩ አልኳት። «እማዬ እኔን ልትወልድ ነው አይደል የሞተችው?»

ጎንበስ አልኩላት። እማዬ የታመመችው አንቺ ከመምጣትሽ ብዙ ቀደም ብላ ነው አልኳት። በሽታ ነው የገደላት፤ አንቺ አይደለሽም፤ አንቺ ስትመጪ በጣም ነው ደስ ያላት። አንድ በአንድ፣ ሕፃን እንዲገባው አድርጌ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ።

«ከአያቴ ጋር መቃብሯ ጋ ስንሄድ ‹ይቅርታ እማዬ› እላታለሁ» አለችኝ። «አያቴ ጎበዝ ትለኛለች።»

«ከእንግዲህ ይቅርታ አትበያት፤ ምንም አላደረግሻትም» አልኳት።

ቦርሳዋን ወደ ጀርባዋ መለሰችና «እሺ» አለችኝ። እሺ ያለችኝ ግን ተማሪ መምህሩን እሺ እንደሚለው ነው።